ሴት ልጅም ዳዊት ትድገም

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛ መልእክት መጀመሪያ ላይ የልጁን እምነት ሲያወሳ አባቱን አይጠራም። የሚጠራው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው (1፥5)። ዝቅ ብሎም ጢሞቴዎስ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያወቀው ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደሆነ ይናገራል (3፥15)። ጎጃም ውስጥም ሃይማኖት ከጓዳ ወደ ጓዳ የተሻገረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ብዙዎቹ አያቶቻችን ግን ያስተማሩት በጆሮ እንጂ በመጽሐፍ አልነበረም። ወንዱ አኮፋዳውን አንግቶ ወደ አብነት ትምህርት ቤቶቹ፣ ወደ ዲማ፣ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ደብረ ኤልያስ ሲወርድ፣ ሴቷ ቤት ቀርታ ጸሎቱን ከእናቷ አፍ ትቀበላለች። ወንዱ ተምሮ ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀራል። ቀጣዩን ልጅ አዝላ «በስመ አብ» የምታሰኘው እሷ ናት። ንባቡ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ለሷ ሆኖ ሳለ የተነፈገችውም እሷ መሆኗ ያሳዝናል።

አይችሉም እንዳይባል እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ አሉ። ዓይናቸው ሳያይ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፣ እዚሁ ጎጃም ወንበር ዘርግተው ለወንድ ደቀ መዛሙርት ቅኔ የዘረፉ፣ ያስነገሩ እናት ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው አንድ ነገር ነው፦ አባት ሴት ልጁን ቁጭ አድርጎ አስተማራት።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአካባቢያችን ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ማስተማር ለብዙ እናት የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለወንድም ለሴትም ልጅ አንድ ነው፤ ትኩረቴ ሴቷ ላይ የሆነው ብዙ ጊዜ መሐል መንገድ ላይ የምትቋረጠው እሷ ስለሆነች ነው።

በሦስትና በአራት ዓመት መጽሐፍ አያስፈልግም። ማማተብ፣ «አባታችን ሆይ»ና «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» በቂ ናቸው። የጆሮ ትምህርት ትልቁ ችግር ስሕተቱም አብሮ መወረሱ ነው። ልጅ ቃሉን ሳይሆን ዜማውን ስለሚይዝ «ይትቀደስ ስምከ፣ ትምጻእ መንግሥትከ» ሲል መሐል ያለውን ማረፊያ ረስቶ «ስምከትምጻእ» ብሎ ያጣብቀዋል። እናቲቱ ራሷ ያጠናችው እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ማንም አያርመውም። ስለዚህ መጀመሪያ እናት የራሷን ጸሎት ከመጽሐፍ ጋር ታመሳክር፤ ማንበብ ካልቻለች ለንስሐ አባቷ ቀስ ብላ ታሰማ። ለልጅ ሲሰጥ አማርኛው ይቅደም፣ ግዕዙ ትርጉሙን ከያዘ በኋላ ይከተል። አንድ ሐረግ በሦስት ቀን ቢያዝ አይዘገይም።

ቁጥርም በዚሁ ዕድሜ በወሩ በዓላት ይገባል። 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም። «ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ለማርያም ስንት ቀን ቀረ?» ብላ እናት ስትጠይቅ ልጁ ዘጠኝ ባቄላ ቆጥሮ ጣሳ ውስጥ ያስቀምጥና በየማለዳው አንድ ያወጣል። መቀነስን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር መሣሪያ አላውቅም።

ፊደል በአምስት ዓመት ገደማ ይጀመር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ድምፅ 231 ይሆናሉ። በሳምንት ሦስት መስመር ከተያዘ በ11 ሳምንት ያልቃሉ፤ በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ልጁ ዓይኑ ከገበታው ይሸሻል። ልጇ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለች በስንደዶ እየጠቆመች ትቆጥራለች። ስንደዶው ለጌጥ አይደለም፤ እጅና አፍ እኩል እንዲሄዱ ነው። ብዙ እናቶች የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው፦ ልጇ እስከ «ፖ» ሳትሳሳት ትወርድና ጨረሰች ይባላል፣ ግን የምትለው ከቃሏ እንጂ ከፊደሉ አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው። ከታች ወደ ላይ ታስቆጥሪያታለሽ፤ ቀጥሎ ወረቀት በስተሽ በቀዳዳው አንድ ፊደል ብቻ ታሳዪያታለሽ። ካወላወለች ወደ መስመሩ ተመለሱ። የጥንቱ አቡጊዳም ለዚሁ የተሠራ ፈተና ነው፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲል እያንዳንዱን ፊደል ከተለያየ ዘር፣ ድምፁንም ከአንድ እስከ ሰባት እያሻገረ ስለሚወስድ በቃል ዜማ አይታለፍም። አቡጊዳን «ያረጀ ነው» ብለው የሚዘሉ ሰዎች ዋናውን ጥቅም ነው የሚዘሉት።

የሚምታቱትን ለይታችሁ አስይዙ። ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ሰ እና ሸ፣ ደ እና ጀ በራሳቸው ላይ ባለው ጭረት ይለያሉ። ል፣ ር፣ ፍ ሳድሳቸው ከሌሎቹ ወጣ ያለ ስለሆነ ለብቻ ይደገሙ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ደግሞ በስማቸው ጥሩ፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስማቸውን ሳትይዝ ያለፈች ልጅ ዳዊት ላይ ስትደርስ ግዕዙን መጻፍ ያቅታታል።

ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ፣ ማለትም የዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት ይከተላል። በቁጥር ንባብ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየች፣ ኋላ ግዕዝና ውርድ በሚባሉት የንባብ ስልቶች እያዜመች፣ በመጨረሻ ያለ ዜማ በቁም ንባብ ታነባለች። የእናት ሥራ ቁጥር ንባቡ ላይ ነው። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉት የቃል ማንሻና መጣያ ስልቶች ግን የየኔታ ጆሮ ይፈልጋሉ፤ እናት በግምት አታንብብ፣ ምክንያቱም አንዴ የወደቀበትን ቃል አንስቶ ለማረም ከመጀመሪያው ማስተማር በእጥፍ ይከብዳል። ሴት ልጅን ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት የኔታ ዘንድ ወስዶ ማሰማት የሚያሳፍር ነገር የለውም። ብዙ መምህራን ደስ እያላቸው ይቀበሏታል፤ የሚጠየቀው እናት አብራ መሄዷ ነው።

ዳዊት 150 መዝሙር ነው፣ አሥር አሥሩ አንድ ንጉሥ እየተባለ በ15 ንጉሥ ይከፈላል። በቀን አንድ መዝሙር ቢያዝ በአምስት ወር ይወጣል ማለት ግን አይደለም። 118ኛው መዝሙር ብቻውን 176 ቁጥር አለው። እሱ ላይ ልጆች ይሰለቻሉ፣ ብዙዎቹም እዚያው ይተዉታል። መድኃኒቱ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፦ መዝሙሩ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ በ22 ክፍል ስምንት ስምንት ቁጥር ሆኖ ተከፍሏል፤ በቀን አንድ ክፍል ይበቃል። ሌላው የሚያደናግር የቁጥሩ ልዩነት ነው። «እግዚአብሔር ይሬእየኒ» በግዕዙ ዳዊት 22ኛ ሲሆን በብዙ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ 23ኛ ነው። እናት በአማርኛው ትርጉሙን ስትፈልግ ይህን ካላወቀች ሌላ መዝሙር ታነባለች። ልጇ ጽናት እንዲኖራት በመጀመሪያው ወር አንድ ቀን ዘልላችሁ 116ኛውን አስነብቧት፤ ሁለት ቁጥር ብቻ ስለሆነ አንድ ሙሉ መዝሙር ጨረስኩ ትላለች። ውዳሴ ማርያም ለሳምንቱ ሰባት ቀን ተከፍሎ ስለተሠራ ማታ ማታ ጎን ለጎን ይሄዳል።

ስለ ጾም አጭር ነገር ልበል። በሰባት ዓመት ይጀመራል፣ ለመጀመሪያም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ፍልሰታ ይመቻል። በመጀመሪያው ዓመት ወተትና ሥጋ መተው፣ ሰዓቱን ደግሞ እስከ ረፋድ አራት ሰዓት፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየገፉ መሄድ ነው። በአንድ ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የተገደደ ልጅ ጓዳ ገብቶ ይበላል፣ ከዚያም መዋሸት ይለምዳል። የታመመ ልጅ አይጹም።

ዳዊቱን የጨረሰች ልጅ ወዲያው ሥራ ይሰጣት፤ ታናሿን ታስቆጥር። እናት ከምድጃው ሆና ትስማ እንጂ ቶሎ አትግባ፤ ልጇ የዘነጋችውን ፊደል ያኔ ራሷ ታገኘዋለች። አንድ ዳዊት ለቤተሰቡ ሁሉ አይበቃም፤ ወንዱ ተማሪ ይዞት ይሄዳልና ለሴቷ የብቻዋ ይገዛላት፣ ፊደሉ ትልልቅ የሆነ፣ ከነማኅደሩ። ስትዳርም ከመሶቡና ከሰፌዱ ጋር ይጫንላት።