ኦክስጅን የቆጠብኩ ዕለት

ድሬዳዋ፣ ሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ ስጀምር የኦክስጅን ማስክ ማድረግ ቀላል ይመስለኝ ነበር። ፊት ላይ ታስቀምጪያለሽ፣ ላስቲኩን ከጆሮ በላይ ታዞሪያለሽ፣ አለቀ። እንዳልሆነ ያሳየችኝ ከገንደ ቆሬ የመጣች የሁለት ዓመት ልጅ ናት።

ሳንባ ምች ነበር። በደቂቃ 62 ጊዜ ትተነፍሳለች፤ በሷ ዕድሜ 40 ከደረሰ ራሱ ፈጣን ነው። አየር በሳበች ቁጥር ከጎድኖቿ በታች ይሰረጉዳል። ኦክሲሜትሩን፣ ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካውን መሣሪያ፣ ጣቷ ላይ ባደርገው ቁጥር አልሰጥ አለኝ። ለካ ለአክስቷ ሠርግ ጥቁር ሂና ተቀብታለች! የእግር ጣቷ ላይ ሳደርገው 84 አለ። ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ነው፣ ወሬ የለም።

ማስኩን ገና ሳቀርበው ጩኸቷን ለቀቀችው። እናትየውም አብራ አለቀሰች። «ሲስተር፣ ኦክስጅን ካደረጋችሁላት አትተርፍም ማለት ነው?» ይሄን ፍርሃት ሁሌ እሰማዋለሁ። አይፈረድባቸውም፤ ብዙ ጊዜ ኦክስጅን ሲሰጥ ያዩት ዘግይቶ ለመጣ ሰው ነው። ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩና ማስኩን መጀመሪያ ለእናትየው ለራሷ ሰጠኋት። አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። «አቦ፣ ይሄማ ንፋስ ነው!» ልጅቷ እናቷን እያየች ዝም አለች። በደቂቃ 6 ሊትር ጀመርን፤ ቁጥሩ 93 ገባ። (ከንፈሯን ቫዝሊን ልትቀባት ስትል ግን ከለከልኳት። ቅባትና ኦክስጅን እሳት ነው።)

ሌሊት መብራት ሄደ። ኮንሰንትሬተሩ፣ ከአየር ኦክስጅን የሚያወጣው ማሽን፣ ቆመ። ወደ ሲሊንደር ቀየርኩ፤ የቀረውን የሚያሳየው ጌጅ ቀዩ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። እስኪነጋ ላብቃቃው ብዬ ማስኩን እንዳለ ትቼ ከ6 ወደ 2 ሊትር አወረድኩት። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ትንቆራጠጥ ጀመር። ግንባሯ በላብ ራሰ። የድሬ ሙቀት ነው አልኩ። ቁጥሩ 87።

ተረኛዋ አንጋፋ ሲስተር መጥታ ፍሎውሜትሩን፣ ኦክስጅኑ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚፈስ የሚያሳየውን፣ አየችና፣ «አንቺ ልጅ፣ ምን እየሠራሽ ነው? በማስክ ከ5 ሊትር በታች አይወረድም! የተነፈሰችውን መልሳ እየሳበች እኮ ነው» አለችኝ። ከማስኩ ውስጥ የተቃጠለውን አየር ጠርጎ የሚያወጣው የኦክስጅኑ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲደክም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እዚያው ይጠራቀማል። እኔ ይሄን ተምሬዋለሁ፤ ለፈተና።

ማስኩን አወለቀችና በአፍንጫ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ አደረገችላት። እዚያው 2 ሊትር ላይ። ትንሽ ቆይቶ 92 ሆነ። ሲሊንደሩም በ6 ሊትር ከሚቆየው ሦስት እጥፍ ይቆያል። መጀመሪያውኑ መቆጠብ የነበረብኝ እንዲያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማስክ ሳነሳ ዓይኔ ቀድሞ ፍሎውሜትሩ ላይ ያርፋል። ከረጢት ያለው ከሆነ ደግሞ ከረጢቱ ሳይሞላ ፊት ላይ አላደርገውም፤ እሱ ከ10 ሊትር በላይ ይፈልጋል። የኮንሰንትሬተሩንም ማጣሪያ በየሳምንቱ አጥባለሁ፤ የድሬን አቧራ መቼም ታውቁታላችሁ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ያለ ኦክስጅን 95 ሆነች። አጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ አዲስ ሕፃን ገብቶ እናቱ ስታለቅስ፣ የኛዋ እናት ተነስታ ማስኩን ተቀበለቻትና አፏ ላይ አደረገችው። «እይ፣ ንፋስ ነው።»