ለቤት የሚሆን ትንሽ የኤስኤስዲ ናስ አመራረጥ፦ ከደሴ፣ እስካሁን የደረስኩበት

የቤታችን ፎቶግራፎች፣ የሠርግ፣ የክርስትናና የመውሊድ ቪዲዮዎች፣ ከአሮጌ ካሴት ወደ ፋይል የተገለበጡ የመንዙማ ቅጂዎች እንዲሁም የልጆቹ የትምህርት ሰነዶች በየስልኩና በየፍላሹ ተበትነው ስለነበሩ፣ ሁሉንም በአንድ ቦታ ሰብስቦ ለቤቱ ሰው በሙሉ በዋይፋይ የሚያደርስ የኔትወርክ ማከማቻ፣ ማለትም ናስ፣ ለመትከል ወሰንኩ። በደሴና በኮምቦልቻ በዚህ ጉዳይ የምትሞክሩ ጓደኞች ስንገናኝ የምትጠይቁኝ «የትኛውን ገዛህ?» ብላችሁ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሌላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ዕቃው መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለው። ማስታወቂያዎች ሁሉ የሚያስጮኹት ፍጥነት ለቤት አገልግሎት ሁለተኛ እንኳ አይወጣም።

መጀመሪያ የቆረጥኩት ዕቃው ከሃርድ ዲስክ ይልቅ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለውን የፍላሽ ማከማቻ፣ ብቻ የሚይዝ እንዲሆን ነው። ሃርድ ዲስክ በቴራባይት ሲሰላ ከኤስኤስዲ በብዙ እንደሚረክስ የሚክድ የለም። ነገር ግን ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው ለንቅናቄ ስስ ነው፤ ድምፅም አለው፤ ባለ 3.5 ኢንቹ ደግሞ ከቆመበት ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻውን ከ20 ዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል በትንሽ ባትሪ ላይ ማቆየቱ አስቸጋሪ ነው። ኤም.2 የሚባለው ኤስኤስዲ በተለመደው መጠኑ ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር በመሆኑ አራቱ የሚገቡበት ሣጥን በእጅ ቦርሳ ይያዛል። የመጠኑን ማነስ እንደ ቅንጦት አላየውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ የቻለውን ብቻ ይዞ ከቤቱ ወጥቷል፤ ስለዚህ «ይህ ዕቃ ነቅሎ ይዞ ለመውጣት ይመቻል ወይ?» የሚለው ለአካባቢያችን ሰው ተገቢ የግዢ መመዘኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

የፍጥነቱን ሒሳብ አንድ ጊዜ መሥራት ይበቃል። በአብዛኛው ቤት ያለው ራውተር የላን ወደቡ ቢበዛ 1 ጊጋቢት ሲሆን፣ ይህም በንድፈ ሐሳብ 125፣ በተግባር 110 ሜጋባይት በሰከንድ አካባቢ ነው። አዳዲሶቹ ናሶች የያዙት 2.5 ጊጋቢት ወደብም ከ312 ሜጋባይት አያልፍም። በአንጻሩ በፒሲአይኢ (ፕሮሰሰሩን ከኤስኤስዲና ከሌሎች ክፍሎች የሚያገናኘው መንገድ) ትውልድ 3 አንድ መስመር ብቻ የተሰጠው ኤስኤስዲ በሰከንድ ወደ 985 ሜጋባይት ማስተላለፍ ይችላል። እንግዲህ ማሸጊያው ላይ 7,000 ሜጋባይት በሰከንድ የተጻፈበትን ኤስኤስዲ ገዝቶ እንዲህ ባለ ኔትወርክ ላይ መትከል ገንዘብን ሜዳ ላይ መበተን ነው። ግድግዳው ድንጋይ በሆነ ቤት በዋይፋይ የሚገኘው ደግሞ ከዚህም ያንሳል።

ይኸው ሒሳብ ሌላ ክርክርም ዘግቶልኛል። በትናንሽ ናሶች ውስጥ በብዛት የምናገኛቸው የኢንቴል ኤን100 እና ኤን150 ፕሮሰሰሮች ያላቸው የፒሲአይኢ መስመር 9 ብቻ ነው፤ ከዚህም ላይ የኔትወርክ ቺፖቹ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። አምራቾች ስድስት ኤስኤስዲ የሚይዝ ሣጥን ሲሠሩ ለአብዛኞቹ አንድ አንድ መስመር ብቻ የሚያድሉት በዚህ ምክንያት ነው። ገምጋሚዎች ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት ሲያነሱት እሰማለሁ፤ ነገር ግን አንዱ መስመር ብቻውን ከ2.5 ጊጋቢት ኔትወርክ ሦስት እጥፍ ስለሚያስተላልፍ ለቤት የሚጎድል ነገር አይታየኝም።

በእጩነት የያዝኳቸው ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው ቢሊንክ ኤምኢ ሚኒ ነው፤ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲሜትር ያህል በሆነ ኩብ ውስጥ ስድስት የኤም.2 ቦታ፣ ኤን150 ፕሮሰሰር፣ በቦርዱ ላይ የተበየደ ራምና ሁለት ባለ 2.5 ጊጋቢት ወደቦች ይዟል። ሁለተኛው አሱስተር ፍላሽስቶር 6 ነው፤ እሱም ስድስት ቦታና ሁለት ባለ 2.5 ጊጋቢት ወደቦች አሉት፤ ፕሮሰሰሩ ቆየት ያለው ሴሌሮን ኤን5105 ቢሆንም ከአምራቹ ሶፍትዌር ጋር ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ሊኑክስ መነካካት ለማይፈልግ ሰው የሚመከር እሱ ነው። ሦስተኛው የፍሬንድሊኤሌክ ሲኤም3588 ነው፤ በአርኬ3588 ቺፕ የሚሠራ፣ አራት የኤም.2 ቦታና አንድ ባለ 2.5 ጊጋቢት ወደብ ያለው ባዶ ቦርድ ሲሆን፣ ሣጥኑንም ሶፍትዌሩንም ማዘጋጀት የባለቤቱ ፈንታ ነው። በዝርዝር መግለጫ ቢወዳደሩ ሦስተኛው መጨረሻ ይወጣ ነበር፤ የመረጥኩት ግን እሱን ነው፤ ምክንያቱም ኃይል የሚገባበት መንገድ ነው።

የቢሊንኩ የኃይል መለወጫ ውስጡ ስለተሠራ 220 ቮልቱ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ይገባል። ይህ ለገመድ ጽዳት መልካም ነው፤ ሆኖም መብራት ሲሄድ ሊያቆየው የሚችለው 220 ቮልት የሚያወጣ ሙሉ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ሲኤም3588 ግን የሚሠራው በ12 ቮልት ዲሲ ነው፤ ለራውተር ተብለው የሚሸጡት ትናንሽ የሊቲየም ዩፒኤሶችም 12 ቮልት ይሰጣሉ። ሙሉው ዩፒኤስ የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ሲያሳድግ፣ አዳፕተሩ ደግሞ መልሶ ወደ 12 ሲያወርደው ሁለት ጊዜ ኃይል ይባክናል። የዲሲው መንገድ ይህ ብክነት የለበትም፤ ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ባትሪ ረዘም ያለ ጊዜ ይገኛል። በዚህ መንገድ ለምትሄዱ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ አንዳንዶቹ ትናንሽ ዩፒኤሶች 9 ቮልትና 12 ቮልት በሚመሳሰል መሰኪያ ጎን ለጎን ስለሚያወጡ ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩ። ሁለተኛ፣ 2 አምፒር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ጠቅላላው 24 ዋት ነው። አንድ ኤም.2 ኤስኤስዲ በብርቱ ሲሠራ ከ5 እስከ 8 ዋት ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ሁለት ኤስኤስዲ ያለበት ቦርድ፣ ኔትወርኩ ራሱ ስለሚገድባቸው፣ በዚህ ይዘለቃል፤ አራቱን ቦታ መሙላት የሚፈልግ ግን 5 አምፒር የሚሰጥ ይፈልግ።

ይህን ያህል ስለ መብራት የማስበው ያለ ምክንያት አይደለም። ለድርጅት ሰርቨር የሚሠሩ ኤስኤስዲዎች ብዙዎቹ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ በእጃቸው ያለውን ጽፈው የሚጨርሱበት ካፓሲተር አላቸው፤ ለቤት የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ይህ የላቸውም። በዚያች ቅጽበት ገና ወደ ፍላሹ ያልደረሰው መረጃ ይጠፋል፤ ክፉ ዕድል ከገጠመ የፋይሎቹ መዝገብም ይበላሻል። ስለዚህ የባትሪው ዋና ጥቅም መሣሪያውን ሌሊቱን ሙሉ ማሠራት ሳይሆን በሥርዓት እንዲዘጋ ጊዜ መስጠት ነው።

እዚህ ላይ የትንሹ ዩፒኤስ ድክመት ይመጣል፤ መብራት መጥፋቱን ለኮምፒውተሩ የሚነግርበት ገመድ የለውም። ሙሉው ዩፒኤስ በዩኤስቢ ይናገራል፤ ኤንዩቲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌርም መልእክቱን ተቀብሎ መሣሪያውን ይዘጋል። እኔ የተጠቀምኩት በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው። አንድ አሮጌ ራውተር ያለ ባትሪ በቀጥታ ከግድግዳው ተሰክቶ ከዋናው ራውተር ጋር በገመድ ይገናኛል፤ ናሱ በየደቂቃው ፒንግ ያደርገዋል፣ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት ይልክለታል፤ ለተከታታይ ደቂቃዎች መልስ ካጣ መብራት ጠፍቷል ብሎ ይዘጋል። የምትሰጡት የደቂቃ ብዛት አሮጌው ራውተር እስኪነሣ ከሚፈጀው እንዲበልጥ አድርጉ፤ አለዚያ መብራት ብልጭ ብሎ በተመለሰ ቁጥር ራውተሩ እስኪነሣ ድረስ ናሱ መልስ አጥቶ ያለ ምክንያት ይዘጋል።

ስለ ሙቀት ብዙዎች የሚያመጡት ምክር ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ብለው ከማይኖሩ ሰዎች የተወሰደ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ማራገቢያ ከብረቱ ላይ ጠርጎ የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። የጦሳ ተራራ ብርድ ይህን ከማካካስ አልፎ ይተርፋል፤ በኮምቦልቻ ግን አየሩ ወፈር ቢልም የቀኑ ሙቀት ስለሚበልጥ ያለ ማራገቢያ እንድትሞክሩት አልመክርም። ኤስኤስዲዎች ብዙውን ጊዜ በ70 እና በ80 ዲግሪ መካከል ሲደርሱ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) ለጥፌ ቀስ ብሎ የሚዞር አንድ ማራገቢያ ካደረግኩ በኋላ በረጅም ቅጂ ጊዜ እንኳ ከ60 ዲግሪ አላለፉም።

ኤስኤስዲውን ስንመርጥ ብዙ የምንከራከርበት የዕድሜ ጉዳይ፣ ማለትም አምራቹ በጠቅላላ ስንት ቴራባይት ቢጻፍበት ዋስትና እንደሚሰጥ፣ ለቤት ያን ያህል አያስጨንቅም። ለምሳሌ ርካሹና በኪውኤልሲ (በአንድ ሴል አራት ቢት በሚይዝ ፍላሽ) የተሠራው ክሩሻል ፒ3 በ1 ቴራባይት መጠኑ የተሰጠው 220 ቴራባይት ነው፤ ሳምሰንግ 970 ኢቮ ፕላስ 600፤ ለናስ ተብሎ የተሠራው ደብሊውዲ ሬድ ኤስኤን700 ደግሞ 2,000። ልዩነቱ ሰፊ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ በየቀኑ 20 ጊጋባይት ቢጽፍ በዓመት 7.3 ቴራባይት ነው፤ ትንሹ ቁጥር እንኳ 30 ዓመት ይወስዳል። ኪውኤልሲን የሸሸሁት በሌላ ምክንያት ነው። ጊዜያዊ ፈጣን ክፍሉ ሲሞላ የመጻፍ ፍጥነቱ ከ1 ጊጋቢት ኔትወርክ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ የዓመታት ፎቶና ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥበት ያስመርራል። በአንድ ሴል ሦስት ቢት የሚይዘው ቲኤልሲ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው ሐሰተኛ ዕቃ ነው። 16 ቴራባይት ተብሎ በፍላሽ ዋጋ የሚሸጥ ውጫዊ ኤስኤስዲ ካያችሁ ሐሰት መሆኑን አትጠራጠሩ፤ ውስጡ ያለው አነስተኛ ፍላሽ ሆኖ ትልቅ ቁጥር እንዲናገር ተደርጎ የተቀየረ ነው፤ ሲሞላም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የቀደመውን ፋይል ያጠፋል። ከሱቅ የገዛችሁትንም ሆነ ከዱባይ በዘመድ ያስመጣችሁትን ማንኛውንም ዲስክ ኤፍ3 በተባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ሞልታችሁ መልሳችሁ አንብቡ፤ የዲስኩን የጤና መዝገብ በሚያነበው በስማርትሲቲኤል ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሠራ እዩ። አዲስ ተብሎ የተሸጠ ዲስክ የሺህ ሰዓታት ሥራ ካሳየ ለባለ ሱቁ የሚታይ ማስረጃ በእጃችሁ አለ።

በሶፍትዌር በኩል ትሩናስ የተባለው የናስ ሥርዓት ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም የሚጠይቅና ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የተሠራ በመሆኑ ከቦርዴ ጋር አይሄድም። በዴቢያን ላይ የተመሠረተውን ኦፕንሚዲያቮልትን ጫንኩ፤ ሁለቱን ባለ 2 ቴራባይት ኤስኤስዲዎችም በቢቲአርኤፍኤስ አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን አደረግኩ። ይህ የፋይል ሥርዓት ለእያንዳንዱ ቁራጭ መረጃ የማረጋገጫ ቁጥር ስለሚይዝ አንዱ ዲስክ ላይ የተበላሸውን ከሌላኛው አንብቦ ያርማል፤ አዲሱን መረጃ በአሮጌው ላይ ሳይደርብ በሌላ ቦታ ስለሚጽፍም ድንገተኛ መብራት መጥፋትን ከቀድሞዎቹ በተሻለ ይቋቋማል። ሦስትና አራት ዲስክ ይዛችሁ በዚሁ ሥርዓት ሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢበላሽ እንዲቋቋም መረጃውን በዲስኮቹ ላይ ማከፋፈል) የምታስቡ ከሆነ ግን ተዉት፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው ለእውነተኛ ሥራ አይመክሩትም። በገመድ ስለካው የሚሰጠኝ ከላይ የተነገረው 110 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ ቪዲዮ ለማየትም ፎቶ ለማገላበጥም ከበቂ በላይ ነው። 2.5 ጊጋቢት ስዊች ለመግዛት ምክንያት አላገኘሁም።

ሁለት ግልባጭ መኖሩ ባክአፕ አለ ማለት አይደለም፤ አንድ ልጅ በስሕተት ያጠፋው ፎልደር ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል። ስለዚህ ሌላ ቅጂ በኮምቦልቻ ታላቅ እህቴ ቤት እንዲቀመጥ ተስማምተናል። የመጀመሪያውን ቅጂ በኢንተርኔት መላክ አልታሰበም፤ 2 ቴራባይት በ10 ሜጋቢት የመላኪያ ፍጥነት ያለማቋረጥ ቢሄድ 18 ቀን ያልፈዋል፤ በሐረጎ በኩል ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎሜትር ያህል ነው። በመኪና ወርዶ ከተቀመጠ በኋላ ፋይል የሚያመሳስለው ሲንክቲንግ የተባለ ፕሮግራም፣ የጠፋ ፋይል አሮጌ ቅጂው እንዲቀር ተደርጎ፣ የዕለት ለውጡን ብቻ ዋየርጋርድ በተባለ የተመሰጠረ መስመር ይልካል። ለዚህኛው ቅጂ ሃርድ ዲስክ መርጫለሁ። ዋጋው ይረክሳል፤ ከዚያም በላይ ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የያዘውን ቀስ በቀስ ሊያጣ ይችላል። ለቺፕ ኢንዱስትሪው መስፈርት የሚያወጣው የጄዴክ መስፈርት ለግል አገልግሎት ኤስኤስዲ የሚጠይቀው የመጻፍ ዕድሜውን ጨርሶ በ30 ዲግሪ ሙቀት ያለ ኃይል አንድ ዓመት እንዲቆይ ብቻ ነው። አዲስ ኤስኤስዲ ከዚያ ብዙ ይቆያል፤ ቢሆንም አንድ ቀን ተነቅሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ሊረሳ የሚችል ቅጂ በእሱ ላይ እንዲሆን አልፈልግም። ዲስኩ በታክሲ ስለሚጓዝ ሙሉ በሙሉ በይለፍ ቃል ተመስጥሯል፤ የይለፍ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ በእህቴ እጅ ነው።

የቀረኝ ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው ከኮምቦልቻው ዲስክ ጥቂት ፎልደሮችን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ አውጥቶ ሙሉ መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው። ሁለተኛው ናሱ በሥርዓት ከተዘጋ በኋላ የሚመጣው ችግር ነው፤ ትንሹ ዩፒኤስ ገና ባትሪ ስላለው 12 ቮልቱ አይቋረጥም፤ ቦርዱም ኃይል ተቋርጦ እንደተመለሰ ስለማያውቅ መብራቱ ሲመጣ ራሱ አይነሣም፤ ቁልፉን በእጅ መጫን ግድ ይላል። በቦርዱ ሰዓት አማካይነት በየተወሰነ ጊዜ ነቅቶ መብራት መኖሩን እንዲያይ ማድረግ ወይም በ220 ቮልት በሚሠራ ሪሌ (በኤሌክትሪክ ኃይል የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ) የ12 ቮልቱን መስመር ለአፍታ መቁረጥ እያሰብኩ ነው። ሪሌውን የሞከራችሁ ካላችሁ የተጠቀማችሁበትን ዓይነትና የገመዱን አያያዝ ብታካፍሉኝ ከመግዛቴ በፊት አየዋለሁ።