የታወቁ ፎቶዎችን በእርሳስ እየነደፍኩ የተማርኩት

የፎቶ ቅንብርን፣ ማለትም ነገሮች በፎቶው ውስጥ የሚደረደሩበትን መንገድ፣ የተማርኩት በእርሳስ ነው። አንድ የታወቀ ፎቶ አትማለሁ፤ ስስ ወረቀት እደርብበትና ትልልቆቹን ቅርጾች ብቻ እነድፋለሁ። ፊትና ልብስ አይገባም። ከዚያ ንድፉን ዘቅዝቄ አየዋለሁ። ሰውየው ማን እንደሆነ ሲጠፋ፣ ቅርጽና ባዶ ቦታ ብቻ ይቀራል።

የጀመርኩት ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1932 ፓሪስ ውስጥ ከሴን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባነሳው ነው፤ ሰውየው ውሃ ያቆረ መሬት ሲዘል የሚታይበት። ሁሉም የሚያደንቀው ቅጽበቱን፣ ተረከዙ ውሃውን ሊነካ ጥቂት መቅረቱን ነው። ስነድፈው ግን ዝላዩ ተባዝቶ አገኘሁት፦ የሰውየው ምስል ውሃው ላይ ተገልብጧል፤ ከኋላ በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይም አንድ ዳንሰኛ ይዘላል። ካርቲዬ ብሬሶን ፎቶ መቁረጥ፣ ማለትም ከተነሳ በኋላ ጠርዙን ማስቀረት፣ አይወድም ነበር፤ ይህን ግን ቆርጦታል፤ ያነሳው በአጥር ክፍተት ስለነበር አጥሩ በአንድ ወገን ገብቶበት ነበር። ፎቶ መቁረጥ ነውር የሚመስላቸው ሰዎች የእሱን ስም መጥራት ይወዳሉ፤ ይህችን ግን አያነሷትም።

ስለ መቁረጥ ከተነሳ፣ ኩባዊው ፎቶ አንሺ አልቤርቶ ኮርዳ በ1960 ያነሳው የአብዮተኛው ቼ ጉቬራ ፎቶ ኔጌቲቩ (ህትመቱ የሚወጣበት ፊልም) አግድም ነው፤ በአንድ በኩል የሌላ ሰው ፊት፣ በሌላው የዘንባባ ቅጠል አለበት። ሁለቱ ሲወጡ ቼ ብቻውን ቀረ። አሁን የራሴን ፎቶ ሳትም ከካርቶን የቆረጥኳቸውን ሁለት ማዕዘኖች ይዤ ጠርዙን ወደ ውስጥ እገፋለሁ፤ የሚጎድል ነገር እስኪሰማኝ ድረስ።

የአሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ የዶሮቲያ ላንግ «ስደተኛዋ እናት» ግን በመቁረጥ የመጣች አይደለችም። ላንግ በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተከታታይ ፎቶዎችን ስታነሳ እየተጠጋች ነው የሄደችው። ከሩቅ በተነሱት ድንኳኑ ጎልቶ ይታያል፤ በዝነኛው ላይ ሁለቱ ልጆች ፊታቸውን አዙረዋል፤ የቀረልን የእናትየው ፊትና አገጯ ጋ ያለው እጇ ነው። ከዚያ ወዲህ ዙም ሌንሴን ትቼ በእግሬ መጠጋት ለመድኩ። ላንግ በኋላ ከታች ጥግ ላይ የነበረ አውራ ጣት አስጠፍታለች። እኔ ብሆን እተወው ነበር።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ አሜሪካዊው የመልክዓ ምድር ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ ነው። በ1941 ኒው ሜክሲኮ፣ ኸርናንዴዝ ላይ ጨረቃ ወጥታ፣ የመጨረሻው ፀሐይ የመቃብር መስቀሎችን አብርቶ ሳለ ብርሃን መለኪያውን ማግኘት አልቻለም። የጨረቃን ድምቀት ግን በቃሉ ያውቅ ነበር፦ በስኩዌር ጫማ 250 ካንድል (የብርሃን መለኪያ አሃድ)። ከዚያ ተነስቶ አሰላና አነሳ። ሁለተኛ ሳይደግም ብርሃኑ ሄደ።

እንደሱ ካንድል መቁጠር አያስፈልግም። ጠራራ ፀሐይ ላይ ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 (ጠበብ ያለ ክፍተት) አድርጎ፣ የሹተሩን (ብርሃን የሚከፍትና የሚዘጋውን መጋረጃ) ፍጥነት ከአይኤስኦው (ካሜራው ብርሃን የመቀበል አቅሙን ከሚያሳየው ቁጥር) ጋር ማመሳሰል ይበቃል፤ አይኤስኦ 100 ከሆነ የሰከንድ አንድ መቶኛ አካባቢ። እኔ ካሜራውን ማንዋል (ሁሉንም በእጅ የሚያስተካክሉበት) ላይ አድርጌ መጀመሪያ እገምታለሁ፣ ከዚያ መለኪያውን አያለሁ። ደመና ሲኖር ግምቴ ቶሎ ተስተካከለ፤ ቤት ውስጥ ግን እስካሁን ያስቸግረኛል።

አዳምስ ያንኑ ኔጌቲቭ ለአሥርተ ዓመታት ደጋግሞ አትሞታል፤ ቀደምት ህትመቶቹ ላይ ሰማዩ ደመና አለው፣ በኋለኞቹ ጥቁር ሆኗል። እኔም የድሮ ፋይሎቼን ከወራት በኋላ ከፍቼ፣ ያለፈውን ሳላይ እንደ አዲስ እሠራቸዋለሁ፤ ሁለቱን አትሜ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ብዙውን ጊዜ አዲሱ ይጨልማል።