የአባቴ ቮልስ እና አላርሟ

ዛሬ ደሴ ላይ ከአባቴ ለወረስኋት ቮልስ አላርም ሳስገጥም ዋልሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራች ባለ 12 ቮልት በመሆኗ ዕድለኛ ነኝ፤ እንደ ቀደምቶቿ ባለ 6 ቮልት ብትሆን ኖሮ ገበያ ላይ ያለው አላርም ባልሠራላት ነበር። ባለሙያው አላርሙ የቦቢናውን (ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠውን) መስመር እንዲቆርጥ አስቦ ነበር፤ እኔ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ሪሌው (መስመሩን የሚቆርጠው የአላርሙ ዕቃ) ተበላሽቶ ሞተሩ እንዳይጠፋብኝ ስለፈራሁ፣ የሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) መስመር ብቻ እንዲቆርጥ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ደሴ ላይ ቮልስ ለመስረቅ ሞተሪኖ ምን ያደርጋል? የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ ይበቃል እኮ!» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ባትሪዋ በደከመ ቁጥር እኔም ቁልቁለት ላይ አንደርድሬ ነው የማስነሳት። ስለዚህ ቦቢናውን ከአላርሙ ነጥለን፣ መኪናዋን ሳቆም በእጄ የማጠፋት ስውር ማብሪያ ማጥፊያ አስገባንለት (የት እንዳለች እዚህ አልጽፍም)። አላርሙ መኪናዋ ቆማ 20 ሚሊ አምፔር ይወስዳል፤ ይህም በወር ወደ 14 አምፔር ሰዓት ስለሚደርስ፣ ሳልነዳት ብዙ ቀን በቆየሁ ጊዜ ባትሪውን መፍታት ሊኖርብኝ ነው።

አመሻሹ ላይ ዝናቡ ሲወርድባት ሁለት ጊዜ ጮኻ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣች። የንዝረት መለኪያዋን ለማስቀነስ ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ።