በነሐሴ የመረጥኳቸው ጽጌረዳዎች

ደብረ ማርቆስ ቤት ሠርቼ ግቢዬን ማልማት ስጀምር ከሁሉ አስቀድሜ የተመኘሁት ጽጌረዳን ነበር። ያውም በሴት አያቴ ደጃፍ የነበረውን፣ ገና በሩን ሳያልፉ የሚያውደውን። የገዛሁት ግን ሌላ ሆነ። በግንቦት ሰባት የተዳቀሉ ችግኞችን አበባቸውን ብቻ አይቼ አመጣሁ፤ ዘንጋቸው ረጅም፣ እንቡጣቸው ሹል፣ ቀለማቸው ደማቅ ቀይ ነው። ሐምሌ ሲገባ ቅጠላቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ፤ ዙሪያው ቢጫ እየሆነ ከታች ወደ ላይ ረገፈ። በነሐሴ አጋማሽ እሾህና ዘንግ ብቻ ቀረ። አምስቱ ሞቱ። በሕይወት ሳሉም ሽታ አልነበራቸውም፤ እኔን ከሞታቸው ይበልጥ ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ከእኛ ቤት ከፍ ብለው የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አጥራቸውን ያስደገፉት ሮዝ ቀለም ያለው ጽጌረዳ ግን ያን ክረምት በሙሉ ቅጠሉን አልጣለም። በጥቅምት ሄጄ ቁራጭ ለመንኳቸው። «አሁንማ ሁሉም ያማረ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «በነሐሴ ና። ዝናቡ የሚያደርገውን እየውና፣ ያን ጊዜም ከወደድከው እቆርጥልሃለሁ።»

የሚቀጥለውን ነሐሴ ደብተር ይዤ የዘመድና የጎረቤት አሮጌ ግቢዎችን ስዞር ከረምኩ። የምጽፈው ሦስት ነገር ነበር፦ ቅጠሉ ጤነኛ ነው ወይ፣ ጠዋት ይሸታል ወይ፣ እንቡጡ በዝናብ ይፈታል ወይ። ብዙውን ያሰናከለው ሦስተኛው ነው። አንድ ክሬም መሳይ አበባ ትዝ ይለኛል፤ እንቡጡ የሕፃን ጡጫ ያክላል፣ የውጭ ቅጠሎቹ ግን በውኃ ተጣብቀው እንደ እርጥብ ወረቀት ደርቀውበታል። በጥፍሬ ላጥ ላጥ አድርጌ ብከፍተው ውስጡ ገና ንጹሕ ነበር፤ መውጫ አጥቶ ነው የሚበሰብሰው። የአበባ ቅጠሉ የበዛና የሳሳ ዝርያ በእኛ ክረምት እንዲህ ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ ነው ማንበብ የጀመርኩት። የጥንት ጽጌረዳ የሚባሉት እ.ኤ.አ. ከ1867 በፊት የነበሩት ወገኖች ናቸው፤ በዚያ ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ «ላ ፍራንስ» የተባለው ዝርያ ወጣና የዘመናዊዎቹ መጀመሪያ ተደርጎ ተቆጠረ። ነገር ግን ጥንታዊ ሁሉ ለእኛ አይሆንም። የደማስቆው፣ ጋሊካው፣ አልባውና ሴንቲፎሊያው አብዛኞቹ በዓመት አንዴ ብቻ ያብባሉ፤ ለዚያም የሚያሳርፋቸው ረጅም ብርድ ይወዳሉ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ብትሆንና የኅዳር ሌሊቷ ቢቆረጥምም፣ እንደ አውሮፓ ለወራት የሚዘልቅ ቅዝቃዜ የላትም። ከቻይና የተገኙት ወገኖችና የሻይ ጽጌረዳ የሚባሉት ግን ያን አይጠይቁም፤ ሙቀትና ውኃ ካገኙ ደጋግመው ያብባሉ። የቻይናው አንዱ ምልክት አበባው ፀሐይ ላይ ሲቆይ በመደብዘዝ ፋንታ መጥቆሩ ነው። የጎረቤቴም እንዲሁ ያደርጋል። በሁለመናው «ኦልድ ብላሽ» ለሚባለው አሮጌ የቻይና ዝርያ በጣም ቀርቦብኛል።

እናታችንም ቃላቸውን ጠበቁ። አበባው የረገፈለትን፣ እርሳስ የሚያክል ቅርንጫፍ በ20 ሴንቲ ሜትር ቆራርጠን፣ በእያንዳንዱ ላይ አራት ዓይን ትተን፣ ሁለቱን ዓይን አፈር አስገባን። ከ12 ቁራጭ ስምንቱ ያዘ። ግቢዬ ዋልካ ስለሆነ ውኃ ይተኛበታል፤ ስለዚህ መደቡን በቀይ አፈርና በአሸዋ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ፣ የከረመ ፍግ ቀላቅዬ ተከልኩ። የከረመ ያልኩት በምክንያት ነው፤ መጀመሪያ ትኩስ ፍግ አድርጌ ሁለቱን ሥራቸውን አቃጥያቸዋለሁ። ሌላው ጥፋቴ መግረዝ ነበር። እንደ ዘመናዊዎቹ መስሎኝ አንዱን እስከ ጉልበቴ ድረስ ቆረጥኩት፤ ዓመት ሙሉ አኮረፈኝ። አሁን የደረቀውንና የተጠላለፈውን ብቻ ነው የማነሣው።

ከጓሮ በኩል ያለውን አጥር ለቀጋ ሰጠሁት። ፍሬውን ሁላችንም በልጅነታችን ለቅመን በልተናል፤ ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው ጽጌረዳ እርሱ መሆኑን ግን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ነጭ፣ ባለ አምስት ቅጠል፣ ሽታውም የጠራ። አበባውን ዞር ብለን ሳናይ ለፍሬው ብቻ መሮጣችን ይቆጨኛል። እሾሁ ልብስ ስለሚይዝ ከመተላለፊያ አርቄዋለሁ።

ዘንድሮ ጽጌ በገባ ዕለት፣ መስከረም 26 ጠዋት፣ ሮዙ ላይ 23 አበባ ቆጠርኩ። በመስኮቱ ሥር አንድ ቦታ ባዶ አለኝ፤ ለዚያ ያሰብኩት ከዘመድ ግቢ ያመጣሁት ፈዛዛ ቢጫ ነው። ሽታው ልብ ይወስዳል። ያለፈው ነሐሴ ግን ከእንቡጦቹ ግማሹ ሳይፈታ ቀረ። አንድ ክረምት ልጨምርለት ብዬ እስካሁን በጣሳ ውስጥ አቆይቼዋለሁ።