ከፔነሙንደ መልስ

ኡዜዶም ባልቲክ ባሕር ላይ ያለች የመዝናኛ ደሴት ናት። በባቡሩ ውስጥ አብረውኝ የነበሩት አብዛኞቹ ጃንጥላና ፎጣ የያዙ ቤተሰቦች ነበሩ። እነርሱ ወደ አሸዋው ሲያመሩ፣ ፂኖቪትዝ ላይ ባቡር ቀይረን ወደ ደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ የቀጠልነው ጥቂት ነበርን። መካኒክ ነኝ፤ በርሊን ከገባሁ ጀምሮ ናዚ ጀርመን ሮኬት የሞከረችበትን ፔነሙንደን ሳላይ አልመለስም እል ነበር።

ቦታውን ለሮኬት መሐንዲሱ ለቬርነር ፎን ብራውን የጠቆመችው እናቱ ናት ይባላል፤ አያቱ ዳክዬ ያድኑበት ነበርና። ለሮኬት ሙከራ የተመቸ ነው፦ ሰው አይበዛበትም፣ ደኑ ይሸሽጋል፣ የተተኮሰው ደግሞ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ይሄዳል። ጦሩና አየር ኃይሉ ግንባታውን የጀመሩት በ1936 ነው (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። በዚያው ዓመት የጣልያን አውሮፕላኖች አሸንጌ ሐይቅ ዳር በሚያፈገፍገው ጦራችን ላይ መርዝ ያርከፈክፉ ነበር። አንዱ ከሌላው ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ግን 1936 የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ሐሳቤ ሳልፈልግ ወደዚያ ይሸሻል።

ሙዚየሙ የቀድሞው የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ነው። ደጁ ላይ ጥቁርና ነጭ የተቀባ፣ 14 ሜትር የሚረዝም ቪ-2፣ ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተኮሰችው ሮኬት፣ ቆሟል። እኔን ግን የያዘኝ ሞተሩ ነው። አናቱ ላይ 18 ጽዋ የሚመስሉ የነዳጅ መርጫዎች አሉት። አንድ ትልቅ መርጫ መሥራት አስቸጋሪ ሲሆንባቸው፣ በትንሽ ሞተር ላይ የተፈተነውን 18 አድርገው ገጠሙት። አልኮሉ ከመንደዱ በፊት በድርብ ግድግዳው መካከል ይዞርና ሞተሩን ያቀዘቅዛል። ከዚያ ከፈሳሽ ኦክስጅን ጋር ተቃጥሎ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልቃል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! አልኮሉ የሚጠመቀው ከድንች መሆኑን ሳስብ ግን፣ በዚያ ረሃብ ዘመን ስንት ሰው ያበላ ነበር አልኩ።

በጥቅምት 3 ቀን 1942 ከዚህ የተነሣው ሮኬት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ አለ። አዛዡ ቫልተር ዶርንበርገር ያን ቀን የጠፈር መርከብ ተወለደ ብሎ ነበር። አጠገቤ የነበረ አባትም ለልጁ ወደ ጨረቃ የተሄደው ከዚህ ተነሥቶ ነው ሲለው ሰማሁ። አልዋሸም። ፎን ብራውን ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ገብቶ ወደ ጨረቃ የተሄደበትን ሮኬት፣ ሳተርን 5ን፣ የሠራ ሰው ነው። ነገር ግን ታሪኩ እንዲህ ሲነገር ሮኬቱን በእጃቸው የሠሩት ሰዎች የሉበትም።

በነሐሴ 1943 አንድ ሌሊት ወደ 600 የሚጠጉ የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች መጡ። የሞተሩ መሐንዲስ ቫልተር ቲል ከነቤተሰቡ ሞተ። የመጀመሪያዎቹ ቦምቦች ግን ዒላማቸውን ስተው የወደቁት ትራሰንሃይደ ላይ፣ በግዳጅ የመጡ ሠራተኞች በሚያድሩበት ሰፈር ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ አለቁ። የቦታውን ምስጢር አሾልከው ካወጡት መካከል ከሉክሰምበርግ የመጡ የግዳጅ ሠራተኞች እንደነበሩ ሳነብ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ማምረቻው ኖርድሃውዘን አጠገብ ወደሚገኝ ዋሻ ተዛወረ። እዚያ ሮኬቱን በግዳጅ የሠሩት ዶራ የተባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ናቸው። በካምፑና በቅርንጫፎቹ ካለፉት 60 ሺህ ገደማ እስረኞች ሲሶው ያህል ሞተ። ሮኬቱ ለንደንና አንትወርፕ ላይ ወድቆ ከገደለው ይልቅ ሲሠራ የጨረሰው ሰው ይበልጣል። ፎን ብራውን ዋሻውን ገብቶ አይቷል። በ1992 የመጀመሪያውን በረራ 50ኛ ዓመት በድምቀት ለማክበር ታስቦ፣ ተቃውሞ ሲበዛ ቀረ። ደግ አደረጉ።

ከዚህ ደሴት ከተነሡት በረራዎች አንዱን አክብር ብባል እኔ የካቲት 8 ቀን 1945 የሆነውን እመርጣለሁ። በዚያ ቀን ሚኻይል ዴቭያታየቭ የተባለ ምርኮኛ የሶቪየት አብራሪ ዘጠኝ ጓደኞቹን ይዞ፣ ከአየር ማረፊያው የጀርመን ቦምብ ጣይ ሰርቆ አመለጠ። አብርሮት የማያውቀውን አውሮፕላን፣ በረሃብ በመነመነ ጉልበት፣ መሪውን ጓደኞቹ አብረው እየገፉለት ነው ያስነሣው። አገሩ ሲገባ ግን የጠበቀው ምርመራና ጥርጣሬ ነበር። ብዙዎቹ ጓደኞቹ ወዲያው ወደ ግንባር ተልከው ጦርነቱ ሳያልቅ ሞቱ። እርሱ ጀግና የተባለው በ1957 ነው።