ለጓሮ የዳቦ ምድጃ የጡብ መቁረጫ ስለመምረጥ

በጓሮው የዳቦ ምድጃ ለመሥራት ያሰበ ሰው ስለ ጡብ መቁረጫ መጠየቅ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከመሣሪያው ጉልበት ነው፤ ስንት ዋት እንደሆነ፣ ዲስኩ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ዋጋውም ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። ደብረ ብርሃን ባለው ግቢያችን ለድፎና ለገብስ ዳቦ የሚሆን ባለ ጉልላት ምድጃ ስንሠራ እኔ የተረዳሁት ግን መጋዙ መመረጥ ያለበት በመጨረሻ እንደሆነ ነው። አስቀድሞ መለየት ያለበት፣ ከሚቆረጡት ጡቦች መካከል መጋዝ የግድ የሚያስፈልጋቸው የትኞቹ እንደሆኑ፣ በመዶሻና በመሮ ብቻ የሚያልቁትስ የትኞቹ እንደሆኑ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ከተሰላ በኋላ ትልቁን መሣሪያ የመግዛት ጉጉት በአብዛኛው ይበርዳል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የተለመደው የእሳት ጡብ 230 በ114 በ64 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጥቅጥቅ ያለው ዓይነት አንዱ ብቻውን 3.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። የውስጥ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ግማሽ ሉል ቅርፅ ያለው ጉልላት የውስጥ ገጹ ወደ 1.27 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ጡቦቹ ለሁለት ተከፍለው 114 በ64 የሆነው ጫፋቸው ወደ እሳቱ ዞሮ ስለሚደረደሩ፣ ጉልላቱ በግምት 170 ግማሽ ጡብ፣ ማለትም ከ85 እስከ 90 የሚሆን ሙሉ ጡብ ይፈልጋል፤ የበሩ ክፍተት ከዚህ ትንሽ ይቀንሳል፣ የሚሰበረው ደግሞ መልሶ ይጨምራል። ስለዚህ ከጠቅላላው የመቁረጥ ሥራ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ጡብን ከወገቡ ለሁለት መክፈል ነው። ይህ ሥራ ደግሞ ለመጋዝ የተተወ አይደለም። እያንዳንዱ ግማሽ ጡብ አንድ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ለስላሳ ጫፍና አንድ የተከፈለ ጫፍ ስላለው፣ ለስላሳው ወደ ውስጥ፣ የተሰበረው ወደ ውጭ ዞሮ ከተገነባ የተሰበረው ፊት ጎርባጣ መሆኑ ምንም አይጎዳም፤ ከጀርባው የሚለጠፈው ጭቃና የሙቀት መከላከያ ይሸፍነዋል፣ እንዲያውም ጎርባጣው ገጽ ጭቃውን የተሻለ ይይዛል።

ሰሜን ሸዋ ድንጋይ በመሮ ጠርቦ ቤትና አጥር መሥራት የኖረ ሙያ የሆነበት አገር ነው። በሰፈራችን ያሉ አንድ አንጋፋ ግንበኛ ጡቡን ሲከፍሉ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ጡቡን አሸዋ በተነጠፈበት መሬት ላይ ያስቀምጡታል፤ ሰፊ ምላስ ያለውን የድንጋይ መሮ በተሰመረው መስመር ላይ አቁመው አራቱንም ፊቶች ዙሪያውን ቀስ እያሉ ይመታሉ፤ ኃይል የሚጨምሩት በሁለተኛው ዙር ነው። «ጋሼ፣ መቼ እንደሚከፈል በምን ያውቃሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው ቀና ሳይሉ «ልጄ፣ ዓይንህን ተወውና ጆሮህን ስጠው» አሉኝ። እውነትም ጡቡ መጀመሪያ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ በውስጡ ስንጥቁ መሮጥ ሲጀምር ድምፁ ይደፈናል፣ ከዚያ በኋላ አንድ መካከለኛ ምት ይበቃዋል። እጁ ያልለመደ ሰው ደግሞ በትንሽ ግራይንደር፣ ማለትም በእጅ በሚያዝ ባለ ዲስክ መቁረጫ፣ ዙሪያውን 10 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ካወጣለት በኋላ ቢመታው ስንጥቁ ከመስመሩ አይወጣም።

እንግዲህ መጋዝ የግድ የሚሆነው የት ነው? አንደኛው ቦታ የጡቡ ጎን ሾጠጥ ብሎ መቆረጥ ያለበት ነው። የጉልላቱ የውስጥ ሬዲየስ 45 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ግድግዳው የግማሽ ጡብ ያህል ከወፈረ፣ 64 ሚሊ ሜትሩ ወርዳቸው ሆኖ ውስጥ ላይ ተነካክተው የተቀመጡ ሁለት ጡቦች ከውጭ በኩል 16 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታሉ። ይህን ክፍተት ለመዝጋት ከእያንዳንዱ ጡብ ግራና ቀኝ 8 ሚሊ ሜትር፣ በማዕዘን ሲለካ ወደ 4 ዲግሪ፣ እያሾጠጡ መቁረጥ ይቻላል። በታችኞቹ ረድፎች ግን ክፍተቱን በእሳት ጭቃና በጡብ ስባሪ መሙላት ይበቃል፤ እኔም ይህን የመረጥኩት ያለ ቅሬታ ነው። ጉልላቱ ወደ ላይ እየጠበበ ሲሄድ ግን ጡቡ በሁለት አቅጣጫ መሾጠጥ አለበት፤ የጭቃው መስመር በጣም ከሰፋ ጭቃው ሲደርቅ ተኮማትሮ ይላቀቃል። ሁለተኛው ቦታ የበሩ ቅስት ነው፤ ሁሉም የሚያየው እሱን ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ክብደቱን ተሸክሞ የሚቆመው በተገጣጠመው ፊት ስለሆነ ጭምር ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዳቦው የሚቀመጥበት ወለል ክብ ጠርዝና የጉልላቱ መዝጊያ ጡብ ነው። ሁሉም ተደምሮ ከጠቅላላው ቆረጣ ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ወደ መሣሪያዎቹ ስንመጣ፣ በየሕንፃ መሣሪያ መሸጫው በቀላሉ የሚገኘው ባለ 115 ወይም ባለ 125 ሚሊ ሜትር ዲስክ ግራይንደር ነው። መሣሪያው ያለ ጭነት በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይሽከረከራል፣ በአንድ እጅ ሳይሆን በሁለት እጅ መያዝ አለበት፣ የጎን እጀታው ያልተገጠመለት ደግሞ ባይነሳ ይሻላል። አንድ ዲስክ የሚገባበትን ጥልቀት ለማወቅ ከዲስኩ ስፋት መሐል ላይ የሚያጣብቀውን ብረት ስፋት ቀንሶ ለሁለት ማካፈል ነው፤ ባለ 125ቱ መከላከያ ቆቡ እንዳለ ሆኖ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ይገባል። ጡቡ 64 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር ከሁለቱም በኩል እየተገለበጠ ይቆረጣል ማለት ነው፤ መስመሩ ዙሪያውን በጥንቃቄ ከተሰመረ ሁለቱ ቆረጣዎች መሐል ላይ ይገናኛሉ።

ባለ 230 ሚሊ ሜትሩን ትልቅ ግራይንደር ብዙ ሰው የሚያደንቀው በአንድ ጊዜ ስለሚያልፍ ነው። እኔ ግን ለዚህ ሥራ አልመክረውም። 3.5 ኪሎ የሚመዝን ጡብ፣ ያውም ለሁለት የተከፈለ፣ በራሱ ክብደት የሚቆም ነገር አይደለም፤ ከሁለት ሺህ ዋት በላይ ጉልበት ያለው መሣሪያ ዲስኩ ትንሽ ከተቀረቀረበት ጡቡን ወደ ፊት ይወረውረዋል ወይም ራሱ ወደ ያዘው ሰው ይመለሳል። ትልቁ ግራይንደር የተሠራው ከቦታው ለማይነቃነቅ ነገር፣ ለግድግዳና ለኮንክሪት ወለል ነው። በእግር ረግጦ ጡብ መቁረጥ በየግንባታው የሚታይ ልማድ ቢሆንም ልማድነቱ አደጋውን አይቀንሰውም፤ ጡቡ በሞርሳ ወይም በእንጨት ክፈፍ መታሰር አለበት።

ለሾጣጣው ቆረጣ የሚሻለው በውሃ እየቀዘቀዘ የሚቆርጠው የጠረጴዛ መጋዝ ነው፤ ሴራሚክና እብነ በረድ የሚያነጥፉ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ባለ 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሆነው ትንሹ የሴራሚክ መቁረጫ ዲስኩ ከጠረጴዛው በላይ የሚወጣው ከ30 ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ለጡብ አይሆንም፤ ሞተሩም ቢሆን ለስስ ነገር የተሠራ ነው። ዲስኩ 250 ሚሊ ሜትር የሆነው 64 ሚሊ ሜትሩን በአንድ ጊዜ ያልፋል። 350 የሆነው ደግሞ ጡቡን በጎኑ አቁመው 114 ሚሊ ሜትሩን እንኳ ሊያልፍ ይችላል፤ ነገር ግን ዋጋው ለአንድ ምድጃ ተብሎ የሚወጣ ገንዘብ አይደለም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ትንሹን ግራይንደር መግዛት፣ የውሃውን መጋዝ መከራየት፤ የሚሾጠጡትን ጡቦች ሁሉ አስቀድሞ ቁጥር ሰጥቶና አስምሮ አዘጋጅቶ ኪራዩን በአጭር ቀን መጨረስ። አራት ዲግሪውን በየጊዜው ከመለካት ይልቅ 114 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ 8 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚል የእንጨት ሽብልቅ አዘጋጅቶ ጡቡን በላዩ እያስቀመጡ መግፋት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ሁሉም ጡብ አንድ ዓይነት ይወጣል።

ከመሣሪያው ይልቅ ሥራውን የሚወስነው ዲስኩ ነው፤ ገንዘብ ሲያጥር መቆጠብ የሚገባው ከመሣሪያው እንጂ ከዲስኩ አይደለም። ርካሹ ጥቁር ዲስክ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ጽሑፉ ይነበብ፤ «ኤ» የሚል ፊደል ያለበት ለብረት፣ «ሲ» የሚል ያለበት ለድንጋይና ለጡብ ነው። የብረቱን ዲስክ ጡብ ላይ ማሳረፍ ዲስክ መጨረስ ብቻ ነው። የድንጋዩም ቢሆን እየቆረጠ ስለሚያልቅ ስፋቱ ይቀንሳል፣ ስፋቱ ሲቀንስ ደግሞ የሚገባበት ጥልቀትም አብሮ ይቀንሳል። መሐሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ የአገልግሎት ማብቂያው ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፤ ያለፈበት ወይም እርጥበት የነካው ዲስክ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከር ሊፈነዳ ስለሚችል አይገዛም። ጠርዙ አልማዝ ያለበት ዳይመንድ ዲስክ ግን ስፋቱ ሳይለወጥ ብዙ ጡብ ያወጣል። ጠርዙ የተከፋፈለው ዓይነት ያለ ውሃ ሲሠራ በክፍተቶቹ አየር እየገባ ይቀዘቅዛል፣ ፈጥኖም ይቆርጣል፤ ጠርዙ ሳይቋረጥ ዙሪያውን የሚዞረው ደግሞ ለውሃ መጋዝ የሚሆን፣ የጡቡን ጠርዝ የማይሸራርፍ ነው። አዲስ ዲስክ ሲገጠም በላዩ ያለው ቀስት ከመሣሪያው መሽከርከሪያ አቅጣጫ ጋር መስማማት አለበት። ዲስኩ መቁረጡን ትቶ ማፋጨትና ብልጭታ ማውጣት ከጀመረ ብዙ ሰው አለቀ ብሎ ይጥለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አላለቀም፣ አልማዙን የያዘው ብረት ለስልሶ ሸፍኖት ነው። አሸዋ የበዛበት ብሎኬት ውስጥ ደጋግሞ ማሳለፍ ያንን ሽፋን ፍቆ አልማዙን መልሶ ያወጣዋል።

በእኛ አገር ከፍታም ይቆጠራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር እዚህ ሲደርስ በላዩ ከተጻፈው አቅም ሩቡን ያህል ጎድሎ ነው የሚሠራው፤ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ትልቁን ግራይንደር ያለ ችግር ያንቀሳቀሰ ጄኔሬተር ጣርማ በርን ወጥቶ ሲመጣ ቢያንገራግር አይገርምም። አየሩ ስስ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ሞተርም እንደ ቆላው አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ መሣሪያውን አሥር ጡብ ላይ ያለ ዕረፍት ከመጫን በየመሐሉ ያለ ጭነት እያሽከረከሩ ማናፈስ ይገባል። የኤክስቴንሽን ገመድ ተጠቅልሎ እንዳለ አይሠራበትም፤ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው መሣሪያ ከሆነ ደግሞ 110 ቮልት እንዳይሆን ሰሌዳው ይነበብ፤ የእኛ 220 ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምፈራው ነገር ልምጣ። የእሳት ጡብ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ አቧራ ሲሊካ አለበት፤ ደቃቁ ክፍል ለዓይን አይታይም፣ ሳንባ ውስጥ ከገባ በኋላ አይወጣም፣ እያደር ሳንባን የሚያጠጥር ሲሊኮሲስ የሚባል በሽታ ያመጣል። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካንሰር አምጪ ከሆኑት መድቦታል። የከተማችን ነፋስ ይወስደዋል ማለት አያዋጣም፤ ነፋሱ የሚወስደው ወደ ጎረቤት ግቢ ነው። በነጠላ ወይም በጨርቅ አፍን መሸፈንም ሆነ ሐኪም ቤት የሚታደለው ስስ ማስክ ይህን አቧራ አያግድም፤ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ፣ ቢያንስ «ኤን 95» የተባለው ማስክ ያስፈልጋል። የውሃ መጋዝን ከሌላው የሚያስመርጠኝ ዋናው ነገር የቆረጣው ማማር ሳይሆን ይህ ነው፤ ውሃው አቧራውን ገና ሲወለድ ይይዘዋል። በየሥራ ቦታው ረዳት ሃይላንድ ይዞ በእጅ ግራይንደር ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ ይታያል፤ ግራይንደሩ ለውሃ ያልተሠራ ስለሆነ ይህ አቧራን በኤሌክትሪክ አደጋ መለወጥ ነው። ከዚያ ይልቅ ጡቡን አስቀድሞ በባልዲ ውሃ ነክሮ፣ ከገጹ የሚንጠባጠበው ካቆመ በኋላ መቁረጥ አቧራውን ጥቂት ይቀንሳል፤ ማስኩን ግን አያስቀርም። ለውሃ መጋዙም በ30 ሚሊ አምፒር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መብራቱን የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ቢኖር መልካም ነው። ከሥራው በኋላ የቀረው ጭቃ ሳይደርቅ ይታጠብ፤ ከደረቀ ያው አቧራ ነው።

ለሙቀት መከላከያ የሚውለውና በእጅ ሲነሳ የሚቀለው ጡብ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ የአናጢ መጋዝ ይቆርጠዋል፣ ጥርሱ ስለሚደንዝ አሮጌ መጋዝ ቢሆን ይመረጣል። ማስኩ ግን ለእሱም ያስፈልጋል።

የውሃ መጋዝ ለመከራየት ወቅቱም ይታሰብ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ የእኛ ሌሊት ውርጭ አለበት፤ በመጋዙ ገንዳና በትንሿ ፓምፕ ውስጥ ያደረ ውሃ ሊረጋና ፓምፑን ሊሰነጥቅ ስለሚችል ማታ ማታ መደፋት አለበት። ውሃ የጠጣ ጡብም ውጭ አያድር፤ በውስጡ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ጠርዙን ያፈርጠዋል። ተቆርጠው ያለቁትን ጣሪያ ሥር፣ በመሐላቸው አየር እንዲያልፍ አራርቆ መደርደርና ቀን ቀን ፀሐይ እንዲያገኛቸው ማድረግ ይበቃል፤ ምድጃው ከተገነባ በኋላም የመጀመሪያዎቹ እሳቶች ለተከታታይ ቀናት በጭራሮ ብቻ የሚነዱ ትንንሽ እሳቶች መሆን አለባቸው፣ የባሕር ዛፍ ግንዱ የሚገባው ከጉልላቱ ጀርባ እርጥበት መውጣቱ ሲያቆም ነው።